ትንንሾቹ የእንግሊዝኛ ቃላት ከጣና ዳር ሲታዩ

«ባሕር ዳር ኢዝ ኦን ሌክ ጣና»። ይህን ዓረፍተ ነገር በቱሪስት መምሪያዎች፣ በሆቴሎች ማስታወቂያ ወይም በስብሰባ መክፈቻ ንግግር ላይ ያላነበበ ወይም ያልሰማ ጥቂት ነው። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ከተመለሰ ግን ከተማዋን ውኃው ላይ ያንሳፍፋታል። «ኦን» ማለት «ላይ» ነው ተብለን ተምረናልና። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን ከተማ ወይም ሆቴል ከውኃ ጋር ተዋስኖ ሲገኝ «ኦን» ይላሉ፤ ትርጉሙ «ዳር» ነው። የእኛ ሰው ይህን ጉዳይ ገና ከተማዋን ሲሰይም ጨርሶታል፦ ባሕር ዳር።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እነዚህ ትንንሽ ቃላት ናቸው። በሰዋስው መጻሕፍት መስተዋድድ የሚባሉት እነ «ኢን»፣ «ኦን»፣ «ባይ»፣ «ዊዝ» እና «አክሮስ»፣ ከተውላጠ ስሞች ጋር እንዲሁም ችሎታን፣ ፈቃድን፣ ግዴታንና ግምትን ከሚገልጹት ረዳት ግሦች ከእነ «ካን»፣ «ሜይ»፣ «ማስት» እና «ሻል» ጋር ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ እናያለን። «ይህ የሰባተኛ ክፍል ትምህርት አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ነው። ነገር ግን የሰባተኛ ክፍሉ ትምህርት በቀነ ገደብ፣ በኪራይ ውልና በአገር ጉዳይ ላይ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሕግ ሰው ያውቀዋል። በዚሁ በጣና ሐይቅ ጉዳይ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ የዘለቀ ክርክር አለ፤ ከክርክሩ እኩሌታውን የተሸከመው አንድ መስተዋድድ ነው። በኋላ እንደርስበታለን።

አንድ «በ»፣ ስድስት መስተዋድዶች

ችግሩ የሚጀምረው «በ» ከምትባለው ታታሪ ፊደላችን ነው። በሐይቁ ዋኘን፣ በጀልባ ሄድን፣ በማንኪያ በላን፣ በሌሊት ደረስን፣ በሰኞ ዕለት ተገናኘን፣ በስልክ ተነጋገርን፣ በመቶ ብር ገዛን እንላለን። አንዲት «በ» ሁሉንም ትችላለች። እንግሊዝኛ ለእነዚሁ ሰባት አነጋገሮች በቅደም ተከተል «ኢን»፣ «ባይ»፣ «ዊዝ»፣ «አት»፣ «ኦን»፣ አሁንም «ኦን» እና «ፎር» ይፈልጋል። ስድስት የተለያዩ ቃላት መሆናቸው ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው እንግሊዝኛ ሲናገር ከስድስቱ አንዱን መምረጥ አለበት፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ግን እንዲህ ያለ ምርጫ ገጥሞት አያውቅም።

ልዩነቱን ከመጽሐፍ ይልቅ ጣና ዳር ቆሞ ማየት ይቀላል። የሚዋኘው ልጅ አካሉ ውኃው ውስጥ ስለሆነ «ኢን ዘ ሌክ» ነው። የደንገል ታንኳው በውኃው ገጽ ላይ ይሄዳልና «ኦን ዘ ሌክ» ነው። «አመሻሽ ላይ ሐይቁ ጋ እንገናኝ» ሲባል የሐይቁ ጥልቀትም ስፋትም ለቀጠሮው አያስፈልግም፤ ሐይቁ የመገናኛ ነጥብ ብቻ ነውና «አት ዘ ሌክ» ይሆናል። ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ደሴት «ኦን» ነው፤ ደሴቱ ራሱ ግን ሐይቅ «ኢን» ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ይዞ «ኦን አን አይላንድ ኢን ሌክ ጣና» ይላል።

«አክሮስ» ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው «ማዶ» ነው፤ ከባሕር ዳር ሆኖ በሰሜን ዳርቻ ያለችውን ጎርጎራን የሚያስብ ሰው «አክሮስ ዘ ሌክ» ሊላት ይችላል። ሁለተኛው «ከዳር እስከ ዳር» ነው። በ2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ወንዙን ከአንዱ ዳር ተነሥቶ ሌላው ዳር እስኪደርስ ያቋርጠዋልና «አክሮስ ዘ ዓባይ» ነው። መሐል ወንዝ ላይ የሚቀር ግንባታ ቢኖር «ኢን» ሊባል ይችላል፤ «አክሮስ» ግን አይባልም። ይህችን ነጥብ አንባቢ ለጊዜው ይያዝልኝ።

ተውላጠ ስም ሲጨመር መስተዋድዱ ራሱ የሚለወጥበት ጊዜም አለ። «በጀልባ መጣን» ለማለት «ባይ ቦት» ይባላል። «በጀልባዬ መጣን» ሲሆን ግን «ባይ ማይ ቦት» አያስኬድም፤ «ኢን ማይ ቦት» መሆን አለበት። «ባይ» የሚናገረው ስለ መጓጓዣው ዓይነት ብቻ ነው። የእኔ፣ የአንተ፣ የእሷ የሚል ተውላጠ ስም ገብቶ ጀልባው የታወቀ ጀልባ ሲሆን «ባይ» ቦታውን ይለቃል። ለአውቶቡስ «ኦን»፣ ለቤት መኪና «ኢን» ይመጣል። ቆመው የሚሄዱበት ከሆነ «ኦን»፣ ጎንበስ ብለው ገብተው የሚቀመጡበት ከሆነ «ኢን» የሚለው የመምህራን ዘዴ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። የጣናን ታንኳ ለሚቀዝፍ ሰው ግን ዘዴው ሳያስቸግር አይቀርም፤ ቀዛፊው የሚቀመጠው ደንገሉ ላይ እንጂ ውስጥ አይደለምና።

በእኔ ግምት በሥራ ላይ ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሱት የጊዜ መስተዋድዶች ናቸው። አማርኛ «እስከ ዓርብ ድረስ» ብሎ ሁለት ነገር ይገልጻል። «እስከ ዓርብ ድረስ ቤቱ ውስጥ መቆየት ትችላለህ» ሲባል ቆይታው ያለማቋረጥ ይቀጥላል፤ እንግሊዝኛው «አንቲል» ነው። «እስከ ዓርብ ድረስ ገንዘቡን መክፈል አለብህ» ሲባል ግን ክፍያው አንድ ጊዜ የሚፈጸም ድርጊት ነው፤ ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነው፤ እንግሊዝኛው «ባይ» ነው። ረዳት ግሡና መስተዋድዱ እዚህ ላይ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ ብዙ ጊዜ «ሜይ» ከ«አንቲል» ጋር፣ «ማስት» ከ«ባይ» ጋር ይውላሉ። አከራይ «ዩ ማስት ሊቭ አንቲል ፍራይዴይ» ብሎ ቢጽፍ ዓረፍተ ነገሩ እስከ ዓርብ ድረስ ሲወጡ ይቆዩ ዓይነት ይሆናል። ተከራዩ ፈገግ ይል ይሆናል፤ ጠበቃው ግን ይከራከርበታል።

የባሰው «ኢን ቱ ዊክስ» ነው። «መልሱን በሁለት ሳምንት እሰጥሃለሁ» ሲባል ብዙዎቻችን በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ፣ ምናልባትም በሦስተኛው ቀን ሊደርስ እንደሚችል እንረዳለን። እንግሊዝኛው በዕለት ተዕለት አነጋገር የሚለው ሁለት ሳምንት ሲያልፍ፣ ማለትም በአሥራ አራተኛው ቀን ገደማ ነው። «ጊዜው ሳያልፍ» ለማለት «ዊዝን» የሚባል ቃል አለ። በጨረታ ሰነድ ላይ የእነዚህ ሁለት ቃላት መለዋወጥ ተጫራችን ከውድድር ሊያስወጣ ይችላል።

«ዛሬ በእኔ ነው»

ወደ ተውላጠ ስም እንለፍ። መስተዋድድን ተከትሎ የሚመጣ የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም መልኩን ይለውጣል። «አይ» ወደ «ሚ»፣ «ሂ» ወደ «ሂም»፣ «ዊ» ወደ «አስ»፣ «ዜይ» ወደ «ዜም» ይሄዳሉ፤ «ዩ» እና «ኢት» ብቻ ባሉበት ይረጋሉ። «በእኔና በአንተ መካከል» ለማለት «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» የሚሉ ከእንግሊዝኛ ጋር የተወለዱ ሰዎች ሞልተዋል። «አይ» የበለጠ የተማረ ሰው አነጋገር ይመስላቸዋል። የሰዋስው መምህር የሚቀበለው ግን «ሚ»ን ነው።

አማርኛ በዚህ ረገድ የራሱ መንገድ አለው። መስተዋድዱንም ተውላጠ ስሙንም ጠቅልሎ ግሡ ሆድ ውስጥ ያስገባቸዋል። ዳኛው «ፈረደለት» ካልን ሰውየው ረትቷል፤ «ፈረደበት» ካልን ተረትቷል። ምስክሩ «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»ም እንዲሁ ናቸው። አንድ ፊደል ብቻ ነው የተለወጠው፤ የሰውየው ዕጣ ግን ተገልብጧል። እንግሊዝኛ ይህን ለማለት ግሡን ለብቻው አስቀምጦ «ፎር ሂም» ወይም «አጌንስት ሂም» የሚል ጭራ ይቀጥልበታል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1738 አጠራጣሪ የሆነ የውል ቃል ግዴታውን በገባው ሰው በኩል፣ ግዴታውን ባስገባው ባለገንዘብ አንጻር እንዲተረጎም ሲደነግግ የእንግሊዝኛው ቅጂ የሚሠራው በእነዚሁ በ«ለ» እና በ«በ» አቻዎች ነው።

የአማርኛው ጥቅል ለተርጓሚ ወጥመድም ነው። «የፈረደበት» የሚለው ቃል «የተፈረደበትን ሰው» ሊያመለክት ይችላል፤ «ዳኛው የፈረደበት ችሎት» ሲባል ቦታ ነው፤ «የፈረደበት ሕግ» ሲባል መሣሪያ ነው። እንግሊዝኛው ለሦስቱ «አጌንስት»፣ «ኢን» እና «አንደር» ይላል። ተርጓሚው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳያጣራ ብዕሩን ቢያነሣ የሚወጣው ጽሑፍ ሌላ ነው።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገጣጠሙበት ደስ የሚል ቦታም አለ። ባሕር ዳር ላይ ዓሣ ተበልቶ ሒሳብ ሲመጣ «ዛሬ በእኔ ነው» ይባላል። እንግሊዝኛውም «ኢት ኢዝ ኦን ሚ» ነው። ሒሳቡ «እኔ ላይ» ነው ማለት ነው። «አፕ ቱ ዩ» ግን አይገጥምም፤ «እንደ ፍላጎትህ፣ ውሳኔው ያንተ ነው» ለማለት የተፈጠረ የሦስት ቃላት ጥምረት ነው። ቢሮዎቻችን ውስጥ «አፕ ቱ ዩ ነው» እየተባለ አማርኛ ሆኖ ቀርቷል። «ባይ ሂምሰልፍ» ብቻውን ወይም ያለ ረዳት፣ «ፎር ሂምሰልፍ» ለራሱ፣ «ቢሳይድ ሂምሰልፍ» ደግሞ በንዴት ወይም በሐዘን ከራሱ የወጣ ማለት ነው። የመጨረሻውን «ከራሱ አጠገብ» ብሎ የተረጎመ ሰው ቢገጥምዎ አይፍረዱበት።

ሌላም አለ። ጀነሬተሩን «አጥፋው» ለማለት «ተርን ኢት ኦፍ» ይባላል፤ ተውላጠ ስሙ በግሡና በቅጥያው መካከል ገብቶ ይቀመጣል። «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም። «ተመልከተው» ሲሆን ግን «ሉክ አት ኢት» ነው፤ ተውላጠ ስሙ ከኋላ ይቀራል። «ኦፍ» እዚያ ቦታ የግሡ አካል ነው፤ «አት» ግን ተውላጠ ስሙን የሚገዛ እውነተኛ መስተዋድድ ነው። ልዩነቱን ከመሸምደድ ብዙ መስማት ይሻላል።

ግዴታ ማን ላይ ይወድቃል?

ይህ ጸሐፊ ከሁሉም በላይ የሚደነቅበት ቦታ ይህ ነው። እንግሊዝኛ ግዴታን «ማስት» በሚል ራሱን በቻለ ቃል ይገልጻል። የእኛ «አለብኝ» ግን ሲፈታ «አለ»፣ «በ» እና «እኔ» ነው። ነገሩ አለ፤ ያለውም እኔ ላይ ነው። «መሄድ አለብኝ» ማለት መሄድ የሚባል ጭነት ጀርባዬ ላይ ተቀምጧል እንደ ማለት ነው። ዕዳም በዚሁ ቃል ይነገራል፤ «መቶ ብር አለብኝ»። «በ» ወጥታ «አለኝ» ስትሆን ነገሩ ተገልብጦ መብት ወይም ንብረት ይሆናል። ባለዕዳውንና ባለገንዘቡን የምትለየው ያቺ አንዲት መስተዋድድ ናት። የእንግሊዝኛ የሕግ ቋንቋም ቢሆን «የማስረዳት ሸክሙ ከሳሹ ላይ ነው» ሲል «ኦን» እያለ ወደ እኛው መንገድ ይመጣል።

ከዚህ ልማድ የተነሣ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው ቀላል ነው። «ማስት»፣ «ካን»፣ «ሜይ» እና «ሹድ» ከኋላቸው «ቱ» አይፈልጉም፤ «ማስት ቱ ጎ» ስሕተት ነው። «ሃቭ ቱ» እና «ኦውት ቱ» ግን ያለ «ቱ» አይቆሙም። ይህችም «ቱ» መስተዋድድ አይደለችም። «አይ ዩዝድ ቱ ስሞክ» ያለ ሰው ድሮ ያጨስ ነበር፤ «አይ አም ዩዝድ ቱ ስሞኪንግ» ያለ ግን ማጨሱን ለምዶታል፤ በሁለተኛው «ቱ» እውነተኛ መስተዋድድ ናት።

ሁለተኛው ስሕተት ከባድ ነው። «የለብህም» የምንለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ክብራን ገብርኤልን የመሳሰሉ ሴቶች የማይገቡባቸው የጣና ገዳማት አሉ። አስጎብኚው «ሴቶች መግባት የለባቸውም» ሲል ክልከላ ነው፤ እንግሊዝኛው «ማስት ኖት» ነው። «የመግቢያ ክፍያ ሕፃናት መክፈል የለባቸውም» ሲል ግን ግዴታ የለባቸውም፣ ቢከፍሉም አይከለከሉም ማለቱ ነው፤ እንግሊዝኛው «ዶንት ሃቭ ቱ» ነው። ሁለቱን ቢያቀያይራቸው ሴቶቹን «ባትገቡም ግድ የለም» ብሎ ይጋብዛቸዋል፤ ሕፃናቱን ደግሞ እንዳይከፍሉ ይከለክላቸዋል። አማርኛ ነገሩን ለይቶ መናገር አቅቶት አይደለም፤ «አይጠበቅባቸውም» የሚል ጥሩ ቃል አለው። ስንቸኩል ግን አንጠቀምበትም።

ስለ አክብሮትም አንድ ነገር መባል አለበት። አማርኛ አክብሮቱን ያስቀመጠው ተውላጠ ስሙ ላይ ነው፤ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ። እንግሊዝኛ ለትልቁም ለትንሹም፣ ለሚኒስትሩም ለጀልባ ቀዛፊውም «ዩ» ብቻ ስላለው አክብሮቱን ወደ ረዳት ግሡ አሸጋግሮታል። «ካን ዩ» ለወዳጅ ነው፤ «ኩድ ዩ» ለማያውቁት ሰው፤ «ዉድ ዩ» እና «ሜይ አይ» ደግሞ ለተከበረ ሰው የተሻሉ ናቸው። ፕሮፌሰሩን በአማርኛ «እርስዎ» እያለ የኖረ ተማሪ በእንግሊዝኛ «ዩ ማስት ሴንድ ሚ ዘ ሌተር» ብሎ ሲጽፍላቸው ባለጌ ሆኖ አይደለም። «እርስዎ» የምትሸከመውን አክብሮት በእንግሊዝኛ «ኩድ» እንደሚሸከመው የነገረው የለም።

«ሻል»ን የሕግ ሰዎች ያውቁታል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 5 አማርኛ የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ «ይሆናል» ሲል እንግሊዝኛው «ሻል ቢ» ይላል። ችግሩ አማርኛው «ይከፍላል» በሚል አንድ ቅርጽ ልማድንም፣ የወደፊትንም፣ ግዴታንም መግለጹ ነው። በአሜሪካም ነገሩ ቀላል አልሆነም። የፌዴራል ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 በቀላል ቋንቋ ሲጻፉ «ሻል» እንዲወጣ ተደረገ። በደንብ ቁጥር 56 ላይ የነበረውም በ«ሹድ» ተተካ። ነገር ግን አንድ ረዳት ግሥ ተለውጦ የዳኛው ሥልጣን መጠን ሊለወጥ ነው የሚል ክርክር ስለ ተነሣ እ.ኤ.አ. በ2010 «ሻል» ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ይቻላቸዋል»

የእኛ አገር ክርክር ግን ከዚያ በብዙ ይቀድማል፤ የደምም ዋጋ ተከፍሎበታል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያው መልእክተኛ በፔትሮ አንቶኔሊ መካከል የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17፣ በአማርኛው ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» የሚል ነበር። የጣልያንኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣሊያ በኩል ለመገናኘት ተስማምተዋል ወደሚል ግዴታ ዞረ፤ ሮማም በዚሁ መሠረት ኢትዮጵያ ጥገኛችን ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። በእንግሊዝኛ ብንገልጸው የ«ሜይ» እና የ«ሻል» ልዩነት ነው።

«ይቻላቸዋል»ን እንደ «አለብኝ» ብንፈታው የቃሉን ጥንካሬ እናያለን። «ይቻላል» እና «እሳቸው» ነው ውስጡ ያለው። ችሎታው ለንጉሡ ተሰጥቷል፤ «ባቸው» የምትል ጭነት የለችበትም። «አለባቸው» ተብሎ ቢሆን ኖሮ «በ» ትገባ ነበር። የአማርኛው ቃል ሰዋስው ራሱ ምስክር ነው። ምኒልክ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ ሁለቱ ቅጂዎች እንደማይገጥሙ ጻፉ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

«አክሮስ» ጣና

አሁን ይያዝልኝ ወዳልኳት ነጥብ እንመለስ። ከዓድዋ ስድስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ምኒልክና የእንግሊዝ ተወካዩ ጆን ሌን ሃሪንግተን የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን የሚመለከት ስምምነት ፈረሙ። አንቀጽ 3 ስለ ወሰን አይናገርም፤ ስለ ውኃ ነው። በእንግሊዝኛው መሠረት ንጉሠ ነገሥቱ በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ሐይቅ ወይም በሶባት ወንዝ «አክሮስ» የሚሠራ፣ ውኃቸው «ኢንቱ» ናይል የሚያደርገውን ፍሰት «ዉድ አሬስት» የሚያሰኝ ማናቸውንም ሥራ ላለመሥራትና ላለማሠራት ግዴታ ይገባሉ፤ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር በመስማማት ካልሆነ በቀር።

ግብፅ ይህን አንቀጽ ለብዙ ዓመታት ስትጠቅስ የኖረችው ኢትዮጵያ በዓባይ ላይ ሳታስፈቅድ ምንም መገንባት አትችልም ለማለት ነው። የኢትዮጵያ ወገን ምሁራን ደግሞ ከአንቀጹ ትንንሽ ቃላት ይነሣሉ። የአማርኛው ቅጂ «ተዳር እዳር» በሚል አነጋገር ወንዙን መድፈንን ይናገራል። ይህም «አክሮስ»ን በሁለተኛ ትርጉሙ መውሰድ ነው፤ ልክ እንደ አዲሱ ድልድይ፣ ከዳር እስከ ዳር። የተከለከለው ውኃውን ሙሉ በሙሉ የሚገታ ሥራ እንጂ በውኃው መጠቀም አይደለም።

«ዉድ» የምትለዋን ረዳት ግሥ ደግሞ ልብ ይሏል። አንቀጹ «ማይት» ወይም «ኩድ» አላለም። ፍሰቱን ሊነካ ይችል ይሆናል የሚባል ሥራ አልተከለከለም፤ የተከለከለው ቢሠራ የሚገታ ሥራ ነው። «አሬስት»ም መያዝ፣ ማቆም ነው፤ መቀነስ አይደለም። «ኢንቱ» ደግሞ ውኃው በመጨረሻ የሚገባበትን ይጠይቃል፤ በየት በኩል እንደሚሄድ አይጠይቅም። በእኔ አስተያየት የኢትዮጵያ ወገን ንባብ ለሁለቱም ቅጂዎች የቀረበ ነው። ሐይቁን በተመለከተ ደግሞ ቃሉ ራሱ ይከብዳል። ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋን ሐይቅ «አክሮስ» ምን ዓይነት ግንብ ይሠራል? አርቃቂዎቹ ያሰቡት የሐይቁን መውጫ ሊሆን ይችላል፤ የጻፉት ግን ይህን ነው።

እዚሁ ባሕር ዳር አጠገብ መፈተኛው ቆሟል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨራጨራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠናቀቀው ዝቅተኛ ግድብ ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች ፍሰቱን ይቆጣጠራል። መውጫውን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣልና «አክሮስ» ነው፤ በሮች ስላሉት ግን ውኃውን ይለቃል፤ «አሬስት» አላደረገም። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ የሐይቁን ውኃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስደዋል። በለስ ተመልሶ ዓባይን ይቀላቀላል። «ኢንቱ» ናይል መግባቱ አልቀረም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም «አክሮስ» መሆኑ አያከራክርም፤ ውኃው በተርባይኖቹ በኩል አልፎ ይቀጥላል።

እንግሊዝ ራሷ በጣና መውጫ ላይ ግድብ ለመሥራት ትመኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1925 ከኢጣሊያ ጋር በተለዋወጠችው ደብዳቤ ለዚሁ የኢጣሊያን ድጋፍ ጠይቃለች፤ ራስ ተፈሪም በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩን ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ብለዋል። «አክሮስ» ያስጨነቃት ሌላ ሰው ሲሠራው እንደ ነበር ያሳያል። ስምምነቱ ዛሬ ኢትዮጵያን ያስራል ወይስ አያስርም የሚለው ግን ሌላ ርዕስ ነው፤ የራሱ ዓምድ ይፈልጋል።

ትንንሽ ቃላት የመንግሥታትን ክርክር ሲሸከሙ ይህ ብቸኛው አይደለም። የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው ውሳኔ ቁጥር 242 የእስራኤል ጦር «ፍሮም ቴሪቶሪስ» እንዲወጣ ሲል «ዘ» የምትል አንዲት ቃል ባለመኖሯ፣ ከሁሉም ግዛቶች ነው ወይስ ከአንዳንዶቹ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ይነሣል። የፈረንሳይኛው ቅጂ «ከግዛቶቹ» ተብሎ ሊነበብ መቻሉ ክርክሩን አባባሰው።

ሁለት ቅጂዎች ሳይገጥሙ ሲቀሩ የቱ ይገዛል? የፌዴራል ሕጎቻችንን በተመለከተ መልሱ ግልጽ ነው። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ሲኖር አማርኛው እንደሚጸና ይናገራል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 106 የአማርኛውን ቅጂ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው ያደርገዋል። በግል ውል ግን ተዋዋዮቹ የተስማሙበት ይገዛል። ከውጭ ድርጅት ጋር የሚፈረሙ ውሎች በሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ሲዘጋጁ የኛ ሰው አማርኛውን ዓምድ አንብቦ ይፈርማል፤ እንግሊዝኛው እንደሚጸና የሚናገረው አንቀጽ ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ገጽ፣ ከፊርማው በላይ ነው የሚገኘው።